ፍሪጁና ድንኳኑ፦ ጅማ ላይ ጀነሬተር ስመርጥ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 14

ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። በጅሬን በኩል መብረቅ አበራና ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። የመጣው ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። 14 ሰዓት መሆኑ ነው።

ጨለማው አይደለም ያስጨነቀኝ። ሻማ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ስልክም በፓወር ባንክ ይሞላል። ያስጨነቀኝ ፍሪጁ ነው። እማዬ ስኳር አለባት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የሦስት ወር መድኃኒቷ ደግሞ ፍሪጁ በር ላይ ተደርድሯል። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩን ከፈትኩና ዕቃውን በእጄ ዳሰስኩት። ጠዋት ላይ እማዬ "በከፈትሽው ቁጥር እኮ ቅዝቃዜውን እያስወጣሽው ነው ልጄ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ጀነሬተር እንገዛለን። ለቤት ብቻ ግን አይደለም። አባታችን የተወልን ቡና አጋሮ በኩል አለ፤ ታናሽ ወንድሜ ነው የሚይዘው። ለቀማው ሲገባ ድንኳን ተክለን እዚያው እናድራለን። የቡናው እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሌሊት ጠባቂ ይፈልጋል። የመብራት ምሰሶ በአካባቢው የለም። አንድ ማሽን ሁለቱንም ቦታ ማገልገል አለበት። ያ ማለት አንድ ሰው አንስቶት ሚኒባስ ላይ የሚጭነው፣ ሌሊትም ከጎኑ መተኛት የሚቻል ማሽን ነው።

መስከረም 16

ጎረቤታችን ጋሼ ትልቅ ጀነሬተር አላቸው። መብራት ሲሄድ የእሳቸው ግቢ ያጓራል። ለማማከር ሄድኩ። "ግዢ፣ ግን እንደኔው አይነት አትግዢ" አሉኝ። አምና የቴሌቪዥናቸው ቦርድ ተቃጥሎባቸዋል። ዲኮደሩም ተከትሎ ሄደ። አስነስተው አሳዩኝ። አምፖሉን ቁጭ ብዬ አየሁት፤ አንዴ ደመቅ፣ አንዴ ፈዘዝ ይላል። ፓምፑ ሲነሳ ጭራሽ ሊጠፋ ደርሶ ተመለሰ።

ምክንያቱን ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በተራው ጀነሬተር ሞተሩና ዳይናሞው አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። 50 ኸርዝ ለመስጠት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲመላለስ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ መዞር አለበት። ጭነት ሲመጣበት ያቃስታል፤ ዙሩ ሲወርድ ቮልቱም ኸርዙም አብረው ይወርዳሉ። ጭነቱ ሲነሳለት ደግሞ ሞተሩ ይፈተለካል፤ ቮልቱም ይዘላል። ቦርድ የሚያቃጥለው ይሄ መውጣትና መውረድ ነው። ደግሞ አንዲት የስልክ ቻርጀር ብቻ ብትሰኩበትም የሚዞረው ያው 3000 ነው። ጩኸቱ ያው ነው። ቤንዚኑንም ለአንዲት ቻርጀር ከሚገባው በላይ ይጠጣል።

ኢንቨርተር የሚባለው ሌላ መንገድ ይሄዳል። ከዳይናሞው የሚወጣው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ፣ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄደው፣ ይቀየራል። ከዚያ ቦርዱ ዲሲውን እንደገና ወደ ንጹህ ባለ 50 ኸርዝ ኤሲ፣ የቤት ሶኬት ወደሚሰጠው ዓይነት፣ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ ቀስ ብሎም ቢዞር ፈጥኖም ቢዞር ሶኬቱ ላይ የሚመጣው አንድ ነው። ጭነት ሲያንስ ሞተሩ ዙሩን ቀንሶ ዝም ይላል። ጭነት ሲመጣ ይነሳል። ለእኛ የሚሆነው ይሄ ነው። ዓይነቱ ተለየ፤ የቀረው መጠኑ ነው።

መስከረም 19

ዛሬ ቤቱ ስንት ዋት እንደሚበላ ቆጠርን። "ቆጠርን" ያልኩት የምሬን ነው።

ዋት መለኪያ ገዝቼ ልሰካ ነበር። ከዚያ የካርድ ቆጣሪያችን ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ቀይ መብራት አየሁ። አጠገቧ 1600 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲቆጠር 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። እርሳስ ይዤ አሰላሁት። በደቂቃ አንድ ብልጭታ ማለት 37.5 ዋት ነው። የእናንተ ቆጣሪ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ 60 ሺህን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት፤ የአንዷን ብልጭታ ዋት ይሰጣችኋል።

ልጄ ስልኩ ላይ ሰዓት ያዘ፤ እኔ ቆጠርኩ። ቤቱን በሙሉ አጥፍተን ፍሪጁን ብቻ ተውን። የፍሪጁ ሞተር እየሠራ ሳለ በሁለት ደቂቃ 7 ብልጭታ። 131 ዋት። ቴሌቪዥንና ዲኮደር በደቂቃ 2፤ 75 ዋት። ስድስቱ አምፖልና ዋይፋዩ አንድ ላይ በሁለት ደቂቃ 3፤ 56 ዋት። ላፕቶፕና ስልኮች ሌላ 75።

ከዚያ ትልልቆቹ። የውሃ ማፍያው 48 ጊዜ፤ 1,800 ዋት። የውሃ ፓምፑ 29፤ ከ1,080 በላይ። ምጣዱ ሲሰካማ መብራቷ እንደ ልብ ምት ሆነች። በ15 ሰከንድ 24 ቆጠርን። በደቂቃ 96 ማለት ነው፤ 3,600 ዋት። ልጄ "እንጀራ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የሚበላው?" አለ። አዎ፣ እንጀራ ነው። እማዬ ከጓዳ ሆና "መብራት ሲሄድ በእንጨት እጋግራለሁ፣ የእኔን አትቁጠሩ" አለች። አልቆጠርንም። ፓምፑንም ሰረዝኩት። መብራት ሲኖር ሮቶውን እንሞላለን፤ ለሁለት ቀን ይበቃናል።

ምጣድ፣ ፓምፕና ማፍያ ከወጡ በኋላ ቤታችን የሚፈልገው 340 ዋት አካባቢ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጋሼ "ቢያንስ ባለ 5 ኪሎዋት" ብለውኝ ነበር። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። አንድ ከሰዓት ቆጣሪ ፊት ቆሜ ባሳልፍ ያን ሁሉ ብረትና ቤንዚን ከትከሻዬ አወረደልኝ።

መስከረም 22

340 ዋት ነው ብሎ ግን ባለ 500 አይገዛም። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከሚሠራበት ዋት አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት እጥፍ ይስባል። የእኛ ፍሪጅ 131 ከሆነ ሲነሳ 900 ሊጠጋ ይችላል። ሌላው ሁሉ በርቶ እያለ ከተነሳ ድምሩ ከ1,100 ያልፋል። ቅጽበት ናት፤ ግን ማሽኑ ካልቻላት ጥርቅም ብሎ ይጠፋል።

ሁለተኛው ነገር የጅማ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው። የአምራቾቹ መመሪያ በየ300 ሜትሩ የሞተር ጉልበት 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። ለእኛ ሲሰላ ወደ 20 በመቶ ነው። አምስት ዋት ከከፈልንበት አራቱ ብቻ እጃችን ይገባል።

ሦስተኛው የቁጥር ነገር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ማሽኑ ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ጫፍ ነው። ዘላቂው በትንሹ ይጻፋል። እንደ ማመሳከሪያ የወሰድኩት ሆንዳ ኢዩ22አይን ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ጫፉ 2,200 ዋት፣ ዘላቂው 1,800 ዋት ነው። ሞተሩ 121 ሲሲ፣ ታንከሩ 3.6 ሊትር፣ ክብደቱ ወደ 21 ኪሎ። 1,800ው ጅማ ላይ ሲደርስ 1,440 ይሆናል። የእኛን 1,100 ይሸከማል። የባለ 1,000ው ክፍል ደግሞ ዘላቂው ብዙ ጊዜ 900 ነው፤ እዚህ 720 ይሆናል። እሱ አይበቃንም።

በቃ፣ የ2,000ው ክፍል ነው። ከዚህ በላይ ከሆነ አንድ ሰው አያነሳውም። ከዚህ በታች ፍሪጁን አያስነሳም።

መስከረም 26

ሐሙስ ነው፣ ገበያ። ሄርማታ መርካቶ ገባሁ። በዘንቢል ውስጥ ያስገባሁትን ብናገር ሻጮቹ ምን እንደሚያስቡ እንጃ፦ ቴስተር፣ የውሃ ማፍያና ካውያ።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ "ኢንቨርተር" የሚል ስቲከር የተለጠፈበት ባለ ቱቦ ፍሬም ማሽን ነበር። እንዲያስነሱልኝ ለመንኩ። ያለ ጭነት ሙሉ ዙሩን ይዞ ጮኸ። ጭነት ሲያንስ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ኢኮ የሚባል ማብሪያ የለውም። ካውያውን ስሰካ ድምፁ ወፍሮ ወረደ፤ ቴስተሩ ላይ ኸርዙ ከ52 ወደ 49 ሄደ። ማፍያውን ስጨምር 47 ገባ፤ ቮልቱም ከ200 በታች ወረደ። ይሄ ኢንቨርተር አይደለም። ስቲከር ነው።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ ቅርጹ እንደ ሻንጣ የሆነ፣ እጀታ ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ማሽን አገኘሁ። ሻጩ ወጣት ነው። "እህቴ፣ ይሄ ለሙከራ አይደለም፣ አዲስ ነው" አለኝ። እኔም "ካልሞከርኩት አልገዛውም፣ ከሞከርኩትና ከሠራ ግን ዛሬ ባይሆን በሳምንት ውስጥ እወስደዋለሁ" አልኩት። አመነታና አስነሳው።

ኢኮውን ሲያበራው ሞተሩ ተንፈስ ብሎ ዝቅ አለ። ጎን ለጎን ቆመን በተራ ድምፅ አወራን። ቴስተሩ 229 ቮልት፣ 50.0 ኸርዝ። ካውያውን ሰካሁ፤ 1,000 ዋት። ሞተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተነሳ፣ ቁጥሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ 228 እና 50.0። ከዚያ ካውያውን ነቅዬ ማፍያውን ሰካሁ፤ 1,800 ዋት። ማሽኑ ላይ "ዘላቂ 1,800" ተብሎ ተጽፏል። ለአምስት ስድስት ሰከንድ ታገለ። ድምፁ ተሰበረ። ቀይ መብራት በራና ሶኬቱን ዘጋው።

ሻጩ ደነገጠ። "አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ ነው የመጣው!" አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። አዲስ አበባ እንዲያውም ከጅማ ከፍ ትላለች፤ እዚያ ከዚህም ያነሰ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ ያደረገው ወረቀቱ ላይ ያሰላሁትን ነው። አቅሙ ሲያልቅ ቮልቱን እያወረደ ዕቃ ከማቃጠል ይልቅ ቀጥ አለ። ለሻጩም የከፍታውን ነገር አስረዳሁት። "ታዲያ ለደንበኛ 1,800 ብዬ ልሽጥ ወይስ 1,400?" ብሎ ጠየቀኝ። "1,400 በለው" አልኩት።

ጥቅምት 1

ከመግዛቴ በፊት ባትሪና ሶላር አሰብኩ። ድምፅ የለውም፣ ቤንዚን አይፈልግም። ለመብራት፣ ለዋይፋይና ለስልክ ጀነሬተርን ያስንቃል። ፍሪጁ ግን በቀን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ሁለት ቀን የሚያቆይ ባትሪ ዋጋው የማሽኑን እጥፍ አልፎ ሄደ። ለጊዜው ተውኩት።

ጥቅምት 4

ገዛሁት። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ይሄ ጽሑፍ እስኪነበብ ተቀይሮ ይቆያል። ከባለ ቱቦው ከእጥፍ በላይ ነው። 22 ኪሎ። ከሱቁ እስከ ባጃጁ በአንድ እጄ ይዤው ሄድኩ፤ ጊንጆ ደርሼ ከባጃጁ ሳወርደውም ረዳት አላስፈለገኝም።

ጥቅምት 5

ዘይት ሳይሞላ ነው የሚመጣው። ይሄን በትልቁ ልጻፈው፦ አዲስ ማሽን ዘይት የለውም። ከግማሽ ሊትር ያነሰ 10ደብሊው30 ዘይት ነው የሚገባው። በትንሽ ማፍሰሻ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። አፉ ድረስ ሲደርስና ሊፈስ ሲል በቃው። ከዚያ ቤንዚን።

ቤንዚኑ ራሱ አንድ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ማደያ ስሄድ በጀሪካን አንሸጥም፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀብኝ። ደብዳቤው ላይ "ለጀነሬተር" ተብሎ ተጽፎ ማኅተም ከተደረገበት በኋላ 10 ሊትር ሰጡኝ። መብራት እስኪሄድ ሳትጠብቁ ይሄን ቀድማችሁ ጨርሱት።

ቾኩን ሳብኩ፣ ገመዱን ሁለቴ ሳብኩ፣ ተነሳ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ አልጫንበትም። የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ መቀየር አለበት። አዲስ ሞተር ሲፋተግ የብረት ብናኝ ይጥላል፤ እሱን ይዞ እንዳይዞር ነው። ደብተር ከፈትኩለት። ስንት ሰዓት እንደሠራ በእያንዳንዱ ቀን ይጻፍበታል።

ጥቅምት 7

የት ይቀመጥ? ሰው ሁሉ ሐሳብ አለው። አንዱ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ አንዱ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ኮሪደር ላይ አለኝ፤ "እንዳይሰረቅ"።

እማዬ የገባት ከሁላችንም በፊት ነው። "እንደ ከሰል ነው አይደል?" አለች። በትክክል። ቤት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከጀነሬተር ማርሚታም የሚወጣው እሱ ነው፤ ያውም ከከሰሉ በበለጠ ብዛት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው "ደክሞኝ ነው" ብሎ ይተኛል። ከዚያ አይነሳም። በረንዳም አያድንም፤ ጭሱ በመስኮት ይገባል። ቢያንስ 6 ሜትር ከበርና ከመስኮት መራቅ አለበት። ማርሚታው ወደ ቤት አይዞርም፤ ወደ ጎረቤት ቤትም አይዞርም።

ግቢው ጥግ፣ ከጓሮው አቮካዶ ሥር፣ በሲሚንቶ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ደልዳላ ቦታ አስሠራሁ። በአራት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ጣልንበት። ጎኖቹ በሙሉ ክፍት ናቸው። ከእኛ መስኮት 9 ሜትር፣ ከጋሼ ግድግዳ 11 ሜትር ለካሁ። ለሌባው ደግሞ ሲሚንቶው ውስጥ ቀለበት ቀብረን በሰንሰለት አሰርነው።

ጥቅምት 9

ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ይዞ መጣ። አንዱን ጀነሬተር ላይ፣ አንዱን ሳሎን ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ሊያበራልኝ ነው። "ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ብቻ ነው" አለ።

እምቢ አልኩ። ተናደድኩም። አንድ ቀን ሰው ብሬከሩን ማጥፋት ይረሳል። ያን ቀን ከእኛ ማሽን የወጣው 220 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ምሰሶው ላይ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ በተቃራኒው ሲሠራ ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። በዚያ ሰዓት ምሰሶው ላይ የሚሆነው መብራታችንን ሊጠግን በዝናብ የወጣ ሠራተኛ ነው። ሽቦው ሞቷል ብሎ ይይዘዋል። የአንድ ሰው ልጅ ነው። ገመዱ የሳሎን ወለል ላይ ወድቆ ቢገኝም የወንዱ ጥርሶች ራሳቸው ኤሌክትሪክ አላቸው፤ ልጅ ቢነካቸው አለቀ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ገዛን። ወይ ምሰሶው ወይ ጀነሬተሩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማገናኘት በአሠራሩ አይችልም። የፍሪጁን፣ የመብራቱንና የሳሎኑን መስመር ብቻ ወደ እሱ አዞርን። ምጣዱና ፓምፑ በዋናው ላይ ቀሩ፤ ሰው ረስቶ እንኳ ቢያበራቸው ጀነሬተሩ አያገኛቸውም። ሥራው አንድ ቀን ፈጀ። ኤሌክትሪሻኑ መጨረሻ ላይ ያን ሁለት ወንድ ያለውን ገመድ አንዱን ራስ ቆርጦ ጣለው። አመሰገንኩት።

ጥቅምት 17

መብራት ሄደ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት። የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና። ፍሪጁ ተነሳ፣ ቴሌቪዥኑ በራ፣ አምፖሉ አልተርገበገበም። አንድ ነገር ተማርኩ፦ ኢኮው በርቶ ሳለ ፍሪጁ ድንገት ሲነሳ ሞተሩ ዙሩን እስኪያነሳ ትንሽ ይዘገያል። አንድ ጊዜ ቀይ መብራቱ ብልጭ አለች። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኮውን አጥፍቼ ፍሪጁን አስነሳለሁ፣ ሥራውን ሲይዝ ኢኮውን አበራለሁ።

አንድ ሊትር ቤንዚን ለካሁለት፤ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሄደ።

ጋሼ በአጥር ላይ ብቅ ብለው "አላስነሳሽውም እንዴ?" አሉ። ከተነሳ ሰዓት አልፎታል።

ጥቅምት 21

መብራት እያለ ያደረግኩት ሙከራ ነው፤ ከሁሉም የጠቀመኝም እሱ ሆነ። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ። በሩን ማንም እንዳይከፍት ፕላስተር ለጠፍኩበት። ገመድ ያለው ቴርሞሜትር ስለሆነ ከውጭ ይነበባል። ከ4 ዲግሪ ተነስቶ 8 ለመድረስ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደበት።

በማግስቱ ደገምኩት። አሁን ሁለት ጠርሙስ በረዶ ከላይኛው ፍሪዘር አውጥቼ መደርደሪያው ላይ አደረግኩ። 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

ለካ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ማስጮህ አያስፈልግም! አንድ ሰዓት ተኩል አስነስቶ ማቀዝቀዝ፣ አራት ሰዓት ማጥፋት። እንደ መስከረሙ ዓይነት የ14 ሰዓት ጨለማ ሦስቴ በማስነሳት ያልፋል። ሁለት ሊትር ቤንዚን ገደማ ነው። ሙሉውን ብናስነሳው 6 ሊትር ይሆን ነበር። ጎረቤትም ይተኛል።

የእማዬን ኢንሱሊንም ከበሩ አንስተን መሐል አደረግነው። በር ላይ ሁልጊዜ ይሞቃል። ከበረዶው ጠርሙስ ግን አራቅነው፤ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ጭራሽ ይጣላል።

ኅዳር 3፣ አጋሮ በኩል

ድንኳን። ሦስት ሌሊት ሆነን። ቡናው ቀልቷል፣ አልጋዎቹ ሞልተዋል። ማታ ማታ ሰዎቹ እሳት ከብበው ቡና ያፈላሉ፤ ጀነሬተሩ ከ20 ሜትር ላይ ከክምር ቅጠል ኋላ ያንጎራጉራል። ሁለት ትልልቅ አምፖል፣ ስምንት ስልክ፣ የወንድሜ የኤሌክትሪክ ሚዛን። ከ150 ዋት አይበልጥም። አንዴ የተሞላ ታንከር ከምሽት እስከ ንጋት አደረሰን።

ትናንት ሌሊት ግን ጠፋ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ታንከሩ ግማሽ ነው። ገመዱን ብስብ ብስብ እምቢ አለ። በባትሪ ሳየው የዘይት ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። ዘይት ግን ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው። ወንድሜ "ተይው፣ ይነጋል" አለኝ። ቁጭ ብዬ አየሁት። መሬቱ ዝናብ ስላገኘው አንዱ እግሩ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ማሽኑ ወደ ግራ አጋድሏል። ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሸሸ መቆጣጠሪያው ዘይት የለም ብሎ ሞተሩን አጠፋው፤ ያደረገው ትክክል ነው። በአካፋ መሬቱን ደለደልን፣ ቁራጭ ጣውላ ከሥሩ አደረግን። በአንድ ስበት ተነሳ።

ድንኳን ውስጥ ማንም ማሽኑን ለሙቀት አያስገባም ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። በኦሮምኛም ወንድሜ ደገመው። ብርዱ ሲጠና ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ኅዳር 12

ቤት ተመልሻለሁ። ደብተሩ ላይ 41 ሰዓት ሞልቷል። ዘይቱን በ20ው ቀይሬዋለሁ፤ የወጣው ዘይት ላይ ብር የመሰለ ብናኝ ነበረበት። ዛሬ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁት። ጫፉ እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው። ደረቅ ጥላሸት፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ። ደህና የሚሠራ ሞተር ካንዴላው ቀለሙ እንደ ቡና በወተት ነው የሚሆነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው።

ከፍታው ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው የካርቡሬተሩ ቤንዚን ማስገቢያ ቀዳዳ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ሆኖ ሳለ ያንኑ ያህል ቤንዚን ይገባል። የሆንዳ መመሪያ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ማሽን ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ይመክራል። የእኛ ማሽን ሌላ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኩት። ካርቡሬተር ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚፈታው። ከሆዱ ውስጥ ጥፍር የምታክል የናስ ብሎን አወጣ። መሐሏ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ አላት። ወደ ሰማይ አድርጎ አሳየኝ፤ ብርሃን እንደ ነጥብ ገባ። "ይሄ ነው የሚያጠጣው" አለኝ። በአንድ ቁጥር ያነሰች ፈልጎ ገጠመልኝ። የድሮዋን በፌስታል ቋጥሬ ከመመሪያው ጋር አስቀመጥኳት። ማሽኑን ወደ ጊቤ በረሃ ይዘን ብንወርድ መመለስ አለባት። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ በትንሿ ቀዳዳ ብናስነሳው ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ኅዳር 25

ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ካንዴላውን እንደገና ፈታሁት። ቀለሟ ተቀይራለች፤ ጠርዟ ብቻ ጠቆር ብሎ መሐሏ ቡናማ ነው። ቤንዚኑንም ለካሁ። ያው ጭነት ላይ አንድ ሊትር 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሄደ። ሩብ ሰዓት ከአንዲት የናስ ብሎን። ጉልበቱን ግን አልመለሰውም፤ ማፍያውን አሁንም አይችልም። አየሩ ያው ነዋ።

ሥራ በማይኖረው ሳምንት የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቼ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ እተወዋለሁ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሆንና ያቺን የፀጉር ቀዳዳ ይደፍናታል።

ታኅሣሥ 6

ትናንት እኔ አጋሮ ነበርኩ። ጅማ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት መብራት ሄዶ አደረ። ልጄ ነው ያስነሳው፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ስንት ጊዜ አብረን አድርገነዋል። እማዬ ደግሞ ሰዓት ያዘች። ዛሬ ስገባ ፍሪጁ በር ላይ በእሷ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት አገኘሁ።

"3፡20 ተነሳ። 5 ዲግሪ።
4፡50 ጠፋ። 3 ዲግሪ።
ሌሊት 9፡00 ተነሳ። 7 ዲግሪ።
10፡30 ጠፋ። 4 ዲግሪ።
ጠዋት 1፡15 መብራት መጣ። 6 ዲግሪ። በሩን የከፈተ የለም።"

ደብተሩ ላይ ሦስት ሰዓት ጨመርኩ። ቀጣዩ ዘይት በ120 ነው።